ትልቁና ትንሹ ፊደል

ወርቅቱ ገርባ የገፈርሳ ገበሬ ልጅ ናት። በ1964 ዓ.ም. ቡራዩ የሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ ኮምፒዩተር ሲያስገባ፣ ፕሮግራም መጻፍ ተምራ ተቀጠረች። እናቷ ወይዘሮ ድንቅቱም እዚያው በቀን ሠራተኝነት ክር ያጠነጥኑ ነበር።

ማሽኑ አማርኛ አያውቅም፤ የእንግሊዝኛውንም ፊደል የሚያትመው በትልቁ ብቻ ነበር። ትንሹንም የሚያትም አዲስ ማተሚያ ሲመጣ፣ የቢሮው ኃላፊ አቶ ወንዳፍራሽ ወርቅቱን አስጠሯት።

«ሠራተኛው ሁሉ ደረቱ ላይ የሚያደርገው የስም ባጅ ይታተማል» አሏት። «የኃላፊዎች ስም በሙሉ በትልቁ ፊደል ይሁን። የቢሮ ሠራተኞች መጀመሪያው ብቻ ትልቅ። የቀን ሠራተኞቹን ግን ሙሉ ስማቸውን ወደ ትንሹ ለውጪው።»

«ለምን?»

«ከሩቅ እንዲለዩ ነዋ።»

«የሰው ስም በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምረው። የተማርነው እንደዚያ ነው።»

«እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም። የታዘዝሽውን ጻፊ።»

በኮቦል ቋንቋ ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ መለወጥ አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። ወርቅቱ ግን ማዕረግ የሚለየውን የፕሮግራሙን ክፍል ጭራሽ አልጻፈችውም። የሁሉም ስም መጀመሪያው ትልቅ፣ ቀሪው ትንሽ እንዲሆን አደረገች፤ አሳትማም አስታደለች።

አቶ ወንዳፍራሽ ባጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«የእኔና የእናትሽ ስም አንድ ዓይነት ሆነ?»

«አዎ፤ ሆን ብዬ ነው።»

«አሁኑኑ አስተካክዪው።»

«አላስተካክልም።»

በማግስቱ ማሽኑ የሚያነበው የወረቀት ካርድ ወደሚበሳበት ክፍል አወረዷት። ባጁን ተድላ የሚባለው ባልደረባዋ እንደታዘዘው እንደገና አሳተመው።

ወይዘሮ ድንቅቱ አዲሱን ባጅ ይዘው በምሳ ሰዓት ልጃቸውን ፈለጓት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼ ከፊተኛው በምን ይለያል?»

ነገረቻቸው። እናቷ ባጁን ገልብጠው ነጩን ጀርባ ወደ ውጭ አድርገው ሰኩት። ሳምንቱ ሳያልቅ ክር ክፍሉ በሙሉ ባጁን ገልብጦ ይገባ ጀመር። አቶ ወንዳፍራሽ መጥተው ወይዘሮ ድንቅቱን በሰው ፊት ተቆጡ።

«ስሜ እንደ ስም ሲጻፍ አዞረዋለሁ» አሏቸው፤ እጃቸው ከክሩ አልተነሣም።

ዛቻውም ቅጣቱም አልሠራም። በመጨረሻ አስተዳደሩ ሰለቸውና የወርቅቱ ፕሮግራም ተመልሶ ሥራ ላይ ዋለ። እሷን ግን አልመለሷትም። ተድላ አንድ ቀን መጥቶ፣ «ይቅርታ ከጠየቅሽ ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ ብለዋል» አላት።

«ምን አጥፍቼ?» አለችውና መብሳቷን ቀጠለች።