የአባት ስም

የሙከራ አሻንጉሊቱ መድማት የጀመረው ስሙን ከነአባቱ በመዘገብኩ በሃያ ደቂቃው ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን የእኔ አይደለም። ጣቢያችን ከዱከም ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ ሥራችንም አዳዲስ መኪኖችን ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር እያጋጩ መመዘን ነው። የራሳችን ቅጽ ስላልተዘጋጀልን ለትራፊክ አደጋ መመዝገቢያ የተሠራውን እንድንጠቀም ተነገረን። ቅጹ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሹፌሩን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። የእኛ ሹፌር ደግሞ ሰባ ስምንት ኪሎ የሚመዝን የጎማና የብረት አሻንጉሊት ነው። በመጀመሪያው ሣጥን አስናቀ ብዬ ጻፍኩ። አባት አልነበረውም። ሰዓቱ ሄዶብን ስለነበር የራሴን ስም ታረቀኝን፣ ቀጥሎም የአባቴን ስም ውቤን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ አሳለፈን።

በዚያ ሳምንት የሚመዘነው ዳገት የሚባል ነጭ ፎር ዊል ነበር፤ መጠኑ መካከለኛ፣ ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ የተሠራ። በሽቦ ገመድ ተጎትቶ በሰዓት ስልሳ አራት ኪሎ ሜትር ግድግዳውን መታ። ሄደን ስናየው ኮፈኑ አልተጨማደደም፤ ፓራውልቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። አስናቀ ግን ፊቱን መሪው ላይ ደፍቷል። መንጋጋው ከቦታው ወጥቶ ደሙ ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ጥርሴን ዋጥኩት» አለኝ።

ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ደስ አለኝ። ነውር ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

ነገሩን ለኃላፊያችን ለአቶ ዘውገ አስረዳኋቸው። አቶ ዘውገ ሰው ሲናገር አያቋርጡም። እስክጨርስ ጠበቁና ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ በእስክሪብቶ አሳዩኝ። «የተሽከርካሪ ደህንነት ምዘና ጣቢያ» ይላል።

«የተሽከርካሪ ነው የሚለው» አሉ። «መኪናው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ደህና ብለህ ሙላ። የሰው ደህንነት ሌላ መምሪያ ነው።»

ሞላሁ። መካኒካችን ሀዊ የአስናቀን መንጋጋ በመዶሻ ወደ ቦታው መለሰችው። አመሰገናት።

በሁለተኛው ግጭት ግራ ጭኑ ተሰበረ፤ አጥንቱ የጎማ ቆዳውን ቀዶ ብቅ አለ። በሦስተኛው ከጎን ሲመታ አራት የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ገባ። በአራተኛው መኪናው ሦስት ጊዜ ተገለበጠ። ቀኝ እጁን ከክርኑ ተቆርጦ ኋላ ወንበር ላይ አገኘነው፤ ጣቶቹ አሁንም የበሩን እጀታ ይፈልጉ ነበር። ዳገት ግን ሁልጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ወንበሩ ላይ የፈሰሰው ደም ምሳ በልተን ስንመለስ አይገኝም፤ ጨርቁም ደረቅ ነው። መኪና ግድግዳ ሲመታ የግጭቱ ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ወይ ብረቱ ይሰበራል፣ ወይ ውስጡ የተቀመጠው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ዳገት ለራሱ ምንም አያስቀርም ነበር።

አራት ጊዜ ደህና ብዬ ሞላሁ።

ምሳ ሰዓት አስናቀ አጠገቤ ይቀመጣል። አይበላም፤ ስለ አያቱ ይጠይቀኛል። አያቱ ውቤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር እንደነበርና በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ዶሮ ብቻ እንደገጨ ነገርኩት። ዶሮዋ ምን ሆነች አለኝ። አላውቅም አልኩት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስለ ዶሮዋ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔም በመጨረሻ ድናለች ብዬ ዋሸሁት።

አምስተኛው ግጭት የመጨረሻው ነበር፤ ፍጥነቱም ሰማንያ። በዚያን ጠዋት ሀዊ ጓንቷን አውልቃ ወደ እኔ መጣች። «ጋሽ ታረቀኝ፣ ከዚህ ወዲያ የምበይደው ቦታ የለኝም» አለች። «ይሄን ከመታ አይተርፍም።» ወደ አቶ ዘውገ ሄጄ ቀኑ እንዲገፋ ለመንኩ። ሪፖርቱ ለነገ ይፈለጋል አሉኝ። ሌላ አሻንጉሊት እንዲመጣ ጠየቅኩ። ቅጹ ላይ የተመዘገበው ይኸኛው ነው አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ቀበቶውን ሳስርለት አስናቀ በቀረችው እጁ እጅጌዬን ያዘ።

«አባዬ፣ አብረን እንግባ?»

«ሥራ አለብኝ» አልኩት።

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የምጸጸትበት ይህ ነው። ውሸት እንኳ አልነበረም።

ወደ መዝገብ ክፍሉ ስመለስ አቶ ዘውገ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀምረዋል። ቅጹን ከፈትኩ። ስሜን ከቅጹ ባጠፋለት እንደ ድሮው ጎማና ብረት ይሆናል፣ ሲመታም አያመውም ብዬ አሰብኩ። ታረቀኝን አጠፋሁ፤ ውቤን አጠፋሁ። አቶ ዘውገ «ሰባት» አሉ። ኮምፒውተሩ በቀይ «የአባት ስም ያስፈልጋል» አለኝ። አቶ ዘውገን ስምዎን ያውሱኝ አልኳቸው። «ልጆች አሉኝ» አሉና «አምስት» ብለው መቁጠሩን ቀጠሉ። በመስታወቱ ወደ ውጭ አየሁ። መኪናው ጀርባ ላይ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። የአባት ስም ዳገት፣ የአያት ስም ብረት ብዬ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ተቀበለ።

አስናቀ እስከዚያ ድረስ ወደ እኔ መስኮት ሲመለከት ነበር። አሁን አንገቱን መልሶ ዳሽቦርዱን አየ።

ገመዱ መጎተት ሲጀምር ነዳጅ የሌለው ሞተር ተነሳ። አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያዙ፤ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመርና ጭስ ተዉ። መሪው ብቻውን ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። ገመዱ ግን ወፍራም ነው፤ ለዚሁ ሥራ የተገዛ ነው። ዳገት እየታገለ ሄዶ ግድግዳውን መታ።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ። ኮፈኑ ሦስት ቦታ ታጠፈ። ሞተሩ ወደ ሹፌሩ አልመጣም፤ ወደ ታች ወርዶ መሬት ቆፈረ። ሁለቱ የፊት መብራቶች ፈሰሱ። በሮቹ ወደ ውጭ ተገነጠሉ። ግራ የፊት ጎማው ተነቅሎ ሜዳውን አቋረጠና በመስታወታችን ገብቶ የአቶ ዘውገን መንጋጋ መታ፤ መንጋጋቸው የአስናቀ መንጋጋ በመጀመሪያው ቀን የሆነውን ሆነ። ከመኪናው ረጅም ጩኸት ተሰማ። ክላክሱ አልነበረም፤ የክላክሱን ሽቦ ሀዊ ሰኞ ዕለት ነቅላዋለች።

አቶ ዘውገ መናገር ስላልቻሉ ደማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። «ደህና ነው?» ይላል። አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። «ወድቋል በል» ብለው ጻፉ። ቅጹን ከፍቼ ወድቋል ብዬ ሞላሁ። ጣቢያችን እስከዚያ ቀን የመዘነውን ሁሉ አሳልፏል፤ የጣለው ይህን መኪና ብቻ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ሮጥኩ። እንዲህ ሮጬ አላውቅም። ብረቱ ሁሉ በወንበሩ ዙሪያ ታጥፎ አንዲት ክፍት ቦታ ትቷል፤ አስናቀ እዚያ ውስጥ ቀበቶውን እንዳሰረ ተቀምጧል። አንድ አዲስ ጭረት የለበትም። ያለቅሳል።

«አስናቀ፣ ተጎዳህ እንዴ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሰው የማያውቀውን ትልቅ ሰው በአክብሮት እንደሚያየው ነው ያየኝ።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

ሀዊ ባትሪውን ፈታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። የፊት መስታወቱ በግጭቱ ረግፏል። የዝናብ መጥረጊያው በባዶው መስኮት ወደ ውስጥ ታጥፎ የአስናቀን ጉንጭ ይጠርግ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በቀስታ።