በመርዋ ተያዥነት

መካኒሳ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ በረንዳ ላይ ዓለሚቱና መርዋ የስፌት መኪኖቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው ስድስት ዓመት ሰፍተዋል። ዝናብ ሲመጣ አንድ ሸራ ይጋራሉ፤ ክር ያለቀባት ከሌላዋ ትወስዳለች። ሰው ሲያያቸው እህትማማቾች ይላቸዋል። የዓለሚቱን ሆድ ግን የሚያውቀው ፈጣሪዋ ብቻ ነበር።

መርዋ ስማርት ስልክ ከያዘች ወዲህ ደንበኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። የሚፈልገውን ቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ይልካል፣ መርዋ ዋጋ ትነግረዋለች፣ አለቀ። ዓለሚቱ በባለ ቁልፍ ስልኳ ምን ታድርግ? ዚፕ ስትቀይርና ሱሪ ስታሳጥር ትውላለች። አጠገቧ ያ ስልክ «ቲንግ» ባለ ቁጥር በቅናት የመኪናዋን መርገጫ አጥብቃ ትረግጣለች። እሁድ ጸሎት ቤት ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ክፉ ነገር ከውስጤ አውጣልኝ» ትላለች፤ ሰኞ ጠዋት «ቲንግ» ሲል ያው ናት።

አንድ ቀን ስልክ ከነወርሃዊ ጥቅሉ በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ እንደሚቻል ሰማችና ለቡ ወዳለ የሽያጭ ቢሮ ሄደች። ቤቴል የምትባል ሠራተኛ መታወቂያዋን ተቀብላ ኮምፒዩተሯን ነካካች።

«እናት፣ ከዚህ በፊት ሌላ ቁጥር ነበረዎት?»

«ነበረኝ። ጣልኩት።»

«በዚያ ቁጥር ሦስት ሺህ ብር ተበድረው አልከፈሉም።»

የዓለሚቱ ፊት ጋለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት መርዋ ኦቨርሎክ የሚባለውን የጠርዝ መስፊያ መኪና ስትገዛ፣ እሷም ከማን አንሼ ብላ በስልኳ ተበድራ አሮጌ ኦቨርሎክ ገዛች። መኪናዋ ወር ሳይሞላት ተሰበረች። «ይክፈሉ» የሚለው መልእክት ሲበዛባት ጊዜ ሲም ካርዷን ነቅላ ቦይ ውስጥ ወረወረችው፤ ዕዳው አብሮ የሚሄድ መስሏት።

«ካርዱን እኮ ወርውሬዋለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ቤቴል ሳቋን ዋጠች። «ብድሩ የተመዘገበው በመታወቂያዎ ነው፣ እናት። አሁን ቢከፍሉትም እስከ ዓመት ድረስ ያለ ተያዥ አይፈቀድልዎትም። ታዲያ አንድ ነገር ይወቁ፤ የወሩን ክፍያ ካሳለፉ የተያዥዎም ስልክ ይዘጋል።»

ከጸሎት ቤት ሦስት ሰው ጠየቀች። ሦስቱም «እስቲ እንጸልይበት» አሏትና እስካሁን እየጸለዩ ነው። የቀረችው መርዋ ነበረች። ዓለሚቱ አራት ቀን አፏን ይዛ ቆየችና በአምስተኛው ቀን፣ ዓይኗን ከምትሰፋው ሱሪ ሳታነሣ ነገረቻት።

«ወይ ዓለምዬ፣ ፊትሽ የጠቆረብኝ ለዚህ ነው? ወላሂ እኔ ደግሞ የቀናሽብኝ መስሎኝ» አለች መርዋ።

ዓለሚቱ ከአንገት በላይ ሳቀች።

መርዋ ተያዥ ልትሆናት እሺ አለች፤ ዓለሚቱ አሮጌውን ዕዳ ከከፈለች በኋላ አብረው ሄዱ። ቤቴል የመርዋን መታወቂያ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብታ ወዲያው «የእሳቸው ንጹሕ ነው» አለች። ዓለሚቱ በዚያችም ቃል ቀናች።

ስልኩ መጣ። ደንበኛ ግን እንደ ስልኩ ቶሎ አልመጣም። የመጀመሪያው ክፍያ ማብቂያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሙሽራ ሰባት ሚዜዎቿን አስከትላ መጣችና በዓለሚቱ ፊት አልፋ መርዋ ዘንድ ቆመች። ሳቁ፣ መለካቱ፣ የጨርቅ ምርጫው በረንዳውን ሞላው።

የወሩ ክፍያ ስልኳ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ቦታ መንካት ብቻ ነው የቀራት። ዓለሚቱ ጣቷን አነሣችና እዚያው አቆመችው። ባልከፍልስ? ነገ የእሷም ይዘጋል። ሙሽራዋ ትደውላለች፣ አይሠራም፤ ፎቶ ትልካለች፣ አይደርስም። ሐሳቡ እንደ ማር ጣፈጣት። መጣፈጡም አስደነገጣት። ልትጸልይ ፈለገች፤ ቃል አልመጣላትም። እንዲያው ያለ ጸሎት፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ከፈለች።

ክፍያው ለተያዥም ይነገራልና ወዲያው የመርዋ ስልክ ጮኸ። መርዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መልእክቱን አነበበችና ዞር አለች።

«ከፈልሽ እንዴ? ቀኑን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።» ወዲያው ወደ ሚዜዎቹ ተመለሰች።

ዓለሚቱ ስልኳን አስቀምጣ መርዋን ተመለከተቻት። የሰው ዕዳ አንገቷ ላይ ታስሮ ቀኑን መርሳት የምትችል ሴት፤ ከስልኩም ከሚዜዎቹም ይልቅ በዚህ ቀናችባት።