ተስፋፊ ያልሆነው እጢ

ቀነዓ ወደ ኦጋዴን ከዘመተ አሥራ አንድ ወሩ ነው። የሚስቱ የፀዳለ ሆድ ደግሞ የስድስት ወር መስሏል። የቀነዓ እናት እማማ ዲንቄ ፊደል አልቆጠሩም፤ ወር በመቁጠር ግን ናዝሬት ውስጥ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

«የማን ነው?» ይሏታል በየጠዋቱ። «እርጉዝ አይደለሁም» ስትል «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» ብለው ይዘጓታል። ፀዳለ ማስረጃ ነበራት። ወር አበባዋ እንኳን ሊቀር፣ ደሙ እየረጋ አሥር ቀን ይፈሳታል። ግን ይህን ለአማት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ነውር አፏን ይዟት፣ ባሏ ሰምቶ እንዳይተዋት እየፈራች ከረመች።

በመጨረሻ እማማ ዲንቄ ራሳቸው እየጎተቱ ሆስፒታል ወሰዷት። ዶክተር መርዳሳ ሆዷን ዳብሶ ሲጨርስ እጁን ታጠበ።

«ማዮማ ይባላል። የማህፀን እጢ ነው። ብዙ ሴቶች አለባቸው፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ።»

ፀዳለ ጠየቀች። «ካንሰር ነው?»

«አይደለም። ካንሰር ተስፋፊ ነው። ይሄ ከማህፀን አይወጣም።»

ተስፋፊ የሚባለው በሬዲዮ በየቀኑ የሚወገዘው የሶማሊያ ጦር ነው፤ ልጃቸውም የዘመተው እሱን ሊመልስ ነው። እማማ ዲንቄ አልተዋጠላቸውም።

«ተስፋፊ ካልሆነ እስከ እምብርቷ ምን አመጣው?»

«ያድጋል እንጂ ሌላ አካል አይወርርም፣ እናቴ። በቀዶ ሕክምና እጢውን እናወጣለን፤ ማህፀኗ ይቀራል።»

«አባቱስ?»

«አባት የለውም።»

«እኔስ ምን አልኩ!»

ዶክተሩ ወደ ፀዳለ ዞሮ «ወር አበባ ታያለሽ?» አላት። መሬት መሬቱን እያየች ሁሉንም ነገረችው። እማማ ዲንቄ ሰባት ወልደዋልና ነገሩ ገባቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት ደጅ ሲወጡ።

«እርስዎ የጠየቁኝ የማን ነው ብለው ነዋ።»

ጋሪ ተሳፍረው ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ሊወርዱ ሲሉ አሮጊቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አርግዛለች ብዬ ለቀነዓ አስጽፌለታለሁ። ከላክሁት ሁለት ወሩ ነው።»

ፀዳለ ሳትጠብቃቸው ከጋሪው ወርዳ ወደ ቤት ገባች።

የቀነዓ ደብዳቤ በሳምንቱ ቆስሎ በተመለሰ ሚሊሺያ እጅ መጣ። ከቤቱ ማንበብ የምትችለው ፀዳለ ብቻ ስለሆነች የራሷን ፍርድ ራሷ ጮክ ብላ አነበበች።

«አዮ፣ እናቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብረውኝ ከመጡት ግማሹን ቀብሬአለሁ። አሁን የሚወለድ ሰው አለ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ የማንም ይሁን። በስሜ ይጠራ። ፀዳለን ውሃ አታስቀጂያት።»

እማማ ዲንቄ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በይ እንግዲህ፣ እጢ ነው ብለሽ ጻፊለት» አሉ።

ፀዳለ እስክሪብቶውን እንደያዘች አለቀሰች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጢ በመሆኑ ደስ ብሏት ነበር።