የባለጎራዴዋ ጀርባ

«መጣች! እሷው ራሷ መጣች!» የሚለው ሹክሹክታ ከበሩ ተነስቶ ሳሎኑን አዳረሰ። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። በየቤቱ ቴሌቪዥን «ባለጎራዴዋ» እየተባለ የሚጨበጨብላት ተዋናይ ጥቁር ለብሳ ደፍ ላይ ቆማለች።

የሟች ልጅ የሻይ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አክስቷ ክንዷን ያዝ አድርገው፣ «አደራ ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሳም። ሆድ ይፍጀው በይ» አሏት በጆሮዋ።

ሆዷ ግን ስንት ዓመት ሲፈጀው ኖሯል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በጎረቤት ቴሌቪዥን ባለጎራዴዋ ከግንብ ዘልላ ስድስት ወታደር ስትዘርር የሰፈሩ ልጆች በጭብጨባ ቤቱን ሲያናጉት፣ «እማዬ ናት!» ብላ ጮኸች። ሳቁባት። እያለቀሰች ስትገባ እናቷ አቅፋት፣ «ፊቱ የእሷ ነው፣ ጀርባው የእኔ። ጀርባ ደግሞ ስም የለውም» አለቻት። የተዋናይቷን ልብስ ለብሳ ዝላዩንና ፍልሚያውን ሁሉ የምትሠራው እናቷ ነበረች። ተዋናይቷ ግን በየቃለ መጠይቁ፣ «አንዱንም ዝላይ ለሰው አልሰጥም፣ ራሴው ነኝ» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት እናትየው ከቀረጻው ግንብ ወደቀች። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝታ አረፈች።

ተዋናይቷ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። «እግዜር ያጽናሽ» አለች።

«እግሯ አዳለጣት አሉን» አለች ልጅቷ። «አሥራ ሦስት ዓመት ያላዳለጣት እግር!»

«አላዳለጣትም።»

ተዋናይቷ ወደ ልጅቷ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«‹የታሰርኩበት ገመድ ላልቷል፣ ይጥበቅልኝ› ብላ ነበር። እኔ ቸኩያለሁ። ‹አንዴ ትዝለልና እንሂድ› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ አንቺ?» የልጅቷ አጎት ሲነሱ ወንበሩ ወደቀ። ሴቶቹ ተንጫጩ።

«ይቀመጡ አጎቴ!» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከተዋናይቷ ሳትነቅል። «እሷስ ምን አለች?»

«‹እሺ› አለች። መቼ እምቢ ብላኝ ታውቅና!»

 ያንን አገር ሁሉ የሚያውቀውን ፊት በትኩስ ሻይ ለማጠብ አንድ ስንዝር ቀርቷት ነበር። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ውጭ ጋዜጠኞች አሉ?»

«ተከትለውኝ መጥተዋል።»

«እንግዲያው እዚህ ያልሽውን እዚያ ድገሚው። ስሟን ጠርተሽ።»

«ሥራዬ እኮ ያከትማል!»

«የእሷም አክትሟል።»

 ተዋናይቷ ዞራ ወጣች። ትሄድ ይሆን ወይስ ትናገር፣ ማንም አላወቀም፤ ሁሉም በመስኮቱ በኩል ያዳምጣል። መጀመሪያ የካሜራዎቹ ጠቅታ፣ ቀጥሎ ድምጿ ተሰማ፦

«ከግንቡ የዘለልኩት እኔ አይደለሁም። አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም።»

ከዚያ የሟችን ስም ከነአባቷ ጠራች። ስለ ገመዱም ተናገረች። አጎትየው የወደቀውን ወንበር አንስተው ተቀመጡና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ልጅቷ አላለቀሰችም።

ጀምበር ስትጠልቅ እንግዳው ሳሳ። እናቷ ከሥራ ስትገባ ልጅቷ ያበጠ ጉልበቷን የምታሽላት በዚህ ሰዓት ነበር። ሳታስበው ወደ መኝታ ቤቱ ገባች፤ ከመሳቢያው ቅባቱን አወጣች፤ መዳፏ ላይ አድርጋ እስኪሞቅ ድረስ አፋተገችው። ከዚያ የሞቁ እጆቿን እንደዘረጋች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።