የእሜቴ መድኃኒት

ነርሶቹ «እሜቴ» ይሏታል፤ ገና የስምንት ወር ሕፃን ብትሆንም የጽኑ ሕሙማኑን ክፍል ቀጥ ለጥ አድርጋ የምትገዛው እርሷ ነበረችና። የልቧ ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና ከተደፈነ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ልቧ ደህና ቢሆንም ሳንባዋ ግን ገና አላመነም፤ ስትደነግጥ፣ ስታለቅስ፣ አንዳንዴም እንዲሁ ሳይታሰብ የሳንባዋ የደም ቧንቧዎች ጭምድድ ይሉና ደም አላሳልፍ ይላሉ። ስለዚህ አጠገቧ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ የመተንፈሻ ቱቦዋም የሚጸዳው አስቀድሞ ማስታገሻ ተሰጥቷት፣ ሁለት ሰው ቆሞ ነው።

ወጣቷ ሐኪም ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። ሆኖም ትናንት ቀትር ላይ፣ ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር የሚሰጣትን ቧንቧዎቹን የሚያላላ ጋዝ ስትዘጋ፣ ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የሳንባው ግፊት ሽቅብ ወጣ፤ የሰውነቷ የደም ግፊት ወረደ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ተረኛዋ ሲስተር ኦክስጅኑን እስከ መጨረሻው ከፈተች፤ ማስታገሻም ሰጠች፤ ሐኪሟ የማስተንፈሻውን ፊኛ በእጇ እየጨመቀች አስተነፈሰቻት፤ ጋዙም ተመለሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የእሜቴ ከንፈር መልኩን ያዘ። 

ዛሬ በሌላ መንገድ ሊሞከር ነው፤ ጋዙ መቀነስ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኪኒን ተበጥብጦ በአፍንጫዋ ቱቦ ይሰጣታል። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ አልቆ ስለነበር ሐኪሟ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማዘዣውን ጽፋ ከደጁ ፋርማሲ እንዲገዙ ለአያትየው ሰጠቻቸው። የሕፃኗ ወላጆች ሲያስታምሙ አድረው ሊተኙ ስለሄዱ የቀኑን ተራ የያዙት እርሳቸው ነበሩ።

አምስት ሰዓት ላይ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ፋርማሲው ዝግ ነው» አሉ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን እያሻሹ።

«እኔ አሁን ከዚያ ነው የመጣሁት፤ ሰው እስከ በሩ ተሰልፏል» አለች ሲስተር። «አባባ፣ እንዲህ አይሸውዱን እንጂ።»

አዛውንቱ ዐርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ መዋሸት አልሆነላቸውም። ወደ ሐኪሟ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ተሳስተሻል እንዳልልሽ ከበደኝ። ባለመድኃኒቱ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ‹ለማን ነው አባባ?› አለኝ። ለልጅ ልጄ ነው ስለው ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ በሳቅ ፍርስ አለ። ይኼ እኮ… የወንዶች ጉዳይ መድኃኒት ነው አሉ።»

ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይርገፈገፍ ነበር።

ሐኪሟ የምትገባበት ጠፋት። የሕፃኗን ክብደት፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ሁሉ በጥንቃቄ አስልታ፣ ወረቀቱን ይዞ የሚሄደውን ሰው ረስታ ነበር። አንዲት ቃል እንኳ አላስረዳቻቸውም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ» አለች። «የደም ቧንቧ የሚያላላ መድኃኒት ነው። ወንዶቹ ለራሳቸው ጉዳይ ይወስዱታል፤ ለእሜቴ ደግሞ የሳንባዋን ያላላላታል። የትናንቱ እንዳይደገም ተስፋ ያደረግነው በእርሱ ነው። ሌላ ሰው እልካለሁ፤ እርስዎ ይረፉ።»

«የሳንባዋን?»

«አዎ፣ የሳንባዋን።»

«እኔ ደግሞ በይሉኝታዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጠበቅኋት።» ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «ማንንም አትላኪ።»

ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ከረጢቱን ለሲስተር ሲያስረክቡ ፊታቸው በርቷል።

«ተሰላፊውን ሁሉ አስተማርኩት» አሉ። «ልብና ሳንባውን መስታወቱ ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው። ያ ጎረምሳ አሁንም ሳይገዛ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ ተራውን ለቀቀልኝ። ባለመድኃኒቱም ይቅርታ ጠየቀኝ።»

«ለመሆኑ ጎረምሳው ምን ሊገዛ ነው የመጣው?» አለች ሲስተር።

«አልጠየቅሁትም» አሉ። «እኔ ጨዋ ሰው ነኝ።»

መድኃኒቱ ተበጥብጦ ተሰጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ጋዙን መቀነስ ጀመረች፤ ከአምስት ወደ አራት፣ ቆይታ ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት። ሲስተር ፊኛውን አዘጋጅታ ከራስጌ ቆማለች። አያትየው የሕፃኗን ተረከዝ በሁለት ጣታቸው ይዘው ትንፋሻቸውን እንኳ ቆጥበዋል። ከአንድ ወደ ዜሮ ስትወርድ ሐኪሟ ሰዓቷን አየች።

በአራተኛው ደቂቃ የሳንባዋ ግፊት ከፍ አለ። እጇ ወደ ጋዙ መክፈቻ ሄደ።

«ትንሽ ቆዪ፣ ዶክተርዬ» አለች ሲስተር። «ከንፈሯን እዪ።»

ከንፈሯ ቀይ ነው። ቁጥሩ አመነታ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ዐሥሩ ደቂቃ አለፈ፤ ሃያውም አለፈ፤ ሰዓት ሞላ። እሜቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ የከበቧትን ሦስት ሰዎች አየት አድርጋ ማናቸውንም ከቁብ ሳትቆጥር መልሳ ተኛች።

«አሁንስ ምን እናድርግላት?» አሉ አያትየው በሹክሹክታ።

«ምንም» አለች ሐኪሟ። ይህን ቃል እንዲህ ደስ ብሏት ተናግራው አታውቅም። ወንበር ስባ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።