ሦስተኛው ቡጢ

ጋጋሪዋን ዳቦ ቤት ውስጥ “ወንዳወንድ” ይሏታል። ስድብ አይደለም፤ የዱቄት ጆንያ ለብቻዋ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ወንዶቹ መንገድ እየለቀቁ ያወጡላት ስም ነው። አንድ ጊዜ የሰከረ ደንበኛ ሻጯን ሲጎነትላት ክንዱን ጠምዝዛ ከደጅ ስለጣለችው ያን ሰሞን ሁሉ ስትወደስ ከረመች።

ታናሽ እህቷ ያገባችው ልብስ ሰፊ ነው። ሰውየው ከሰው ፊት ድምፁ የማይሰማ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ጨዋ ነው፤ ሚስቱ ላይ እጁን የሚያነሳው በር ተዘግቶ ነው። ታናሽየዋ ይህን የነገረችው ለእሷ ብቻ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስምላ።

አንድ ቅዳሜ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ይዛ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ እህቷ ስትጮህ ሰማች። በሩን ገፍታ ብትገባ ልብስ ሰፊው የሚስቱን እጅ ጨምድዶ ይዞ ወደ ጓዳ ይጎትታታል። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። በቡጢ አለችው፤ ሲወድቅ ደገመችው። “እትዬ፣ ካውያ ነው፣ ካውያ አቃጥሎኝ ነው” የሚለውን የእህቷን ጩኸት ከሦስተኛው በፊት ሰምታዋለች። ሰምታም መታችው። ለማንም ባትናገረውም ደስ ብሏት ነበር።

ስንት ዓመት ሲደበድብ የኖረ ሰው የተመታው የሚስቱን እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሊነክርላት ሲሮጥ ሆነ።

በማግስቱ አጎታቸው ቤት ተሰበሰቡ። ሐኪም የልብስ ሰፊውን ከንፈር ሰፍቶታል፤ አንዱ ዘመድ “ሰፊውም ተሰፋ” ብሎ የሚስቅለት ሲያጣ ሳል አስመሰለው። አጎትየው ወንድ ልጅ ደሙ ሲፈላ እጁ ቢያመልጠው ያለ ነገር ነው፣ ሴት ልጅ ግን ቡጢ ከየት ተማረች እያሉ አዘኑ። ይቅርታ ካልጠየቀች እህቷ ቤት ድርሽ አትልም ተባለ።

ያኔ ጋጋሪዋ መሐላዋን አፈረሰች። ስለ ወለቀው ጥርስ፣ ወድቄ ነው ስለተባለለት የጎን አጥንት፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። “ካላመናችሁኝ እሷን ጠይቋት” አለች።

ሁሉም ወደ ታናሽየዋ ዞረ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ቀስ አድርጎ ይዞላታል።

“ልጄ፣ መትቶሽ ያውቃል?” አሉ አጎትየው።

“ኧረ እሱ መትቶኝ አያውቅም።”

ጋጋሪዋ ተነስታ ይቅርታ ጠየቀች። ልብስ ሰፊው ግዴለም፣ እህቴ አይደለሽ እንዴ አላት። የሰውየው ሆደ ሰፊነት ተወራ።

እህትማማቾቹ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ ጋጋሪዋ ለምን እንደካደች ጠየቀቻት።

“ማታ የምገባው እኮ ከሱ ጋር ነው፣ እትዬ” አለች ታናሽየዋ። ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። “አንድ ቀን ሁሉም ባለበት እናገራለሁ እያልኩ አንድ በአንድ ይዤው ነበር። አሁን ሰው የሚያውቀው አንቺ መምታትሽን፣ እሱ መመታቱን ነው። ከእንግዲህ ብናገር ማን ይሰማኛል?”

“እኔ እሰማሻለሁ።”

“አንቺማ ትሰሚያለሽ።”

ከውስጥ ባሏ በለሰለሰ ድምፅ ጠራት። እንባዋን ጠርጋ ገባች። ኋላ ሁለቱ ተያይዘው ሲወጡ እህቷ ቀና ብላ አላየቻትም። ጋጋሪዋ እስከ መታጠፊያው በዓይኗ ሸኘቻቸው፤ ልትከተላቸው አልደፈረችም።