ቡፌው የተቀባ ዕለት

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ የአናጢ ሚስትስ? የሮቤው አናጢ ቀመር ለከተማው ሙሽራ ሁሉ አልጋና ቁምሳጥን ሲያስረክብ፣ የገዛ ሚስቱ ሰቢሪና ዕቃዋን በካርቶን አስቀምጣ ነበር የምትኖረው። በመጨረሻ አፈረና ደህና የኮሶ ጣውላ መርጦ ቡፌ ሠራላት። ሠራላት ብቻ አይደለም፣ ተጨነቀላት።

ለሌላው ሰው ቫርኒሹን በብሩሽ ለቅለቅ አድርጎ ይሸኛል። ለእሷ ግን የተልባ ዘይት፣ ቫርኒሽና አኳራጅ በአንድ ጣሳ በጠበጠ። አኳራጅ ያው ቀለም ማቅጠኛው ነው፤ ሽታው ከላምባ ይብሳል። በአሮጌ ካናቴራ ነክሮ እንጨቱን እያሸ ያጠጣዋል፤ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ እስኪደርቅ ይጠብቅና ይደግመዋል። በሮቤ ብርድ መድረቁ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ቢሆንም የመጀመሪያው እጅ ቅብ ሲይዝ የኮሶው ቅላት ብቅ አለ፤ ሰቢሪናም ሥራዋን እየተወች መጥታ ታየው ጀመር።

በዚያው ሰሞን እናቷ አደ ሲምቦ ለዓይናቸው ሕክምና ከገሰራ መጡ። እኚህ ሴት፣ ልጃቸው አናጢ ስታገባ «ልጄን ለሳንቃ ሰጠኋት» ብለው ከሰርጓ የቀሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህም ሲመጡ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይሄዳሉ። ቀመር ከአፋቸው አንዲት ምርቃት ለማግኘት የማያደርገው አልነበረም። ሲያጣትም አይቀየማቸውም፤ አማት ናቸዋ።

ቀመር አልጋ ሊያደርስ ደሎ መና ወርዶ ዝናብ መንገዱን ዘጋበትና እዚያው ሊያድር ሆነ። ሁለተኛው እጅ እንዳይዘገይ ብሎ ለሚስቱ ደወለ። ሰቢሪና ሞባይሏን ቤት ትታ ገበያ ወጥታ ኖሮ፣ ያነሱት አማቱ ነበሩ።

«ሃርሜ፣ ሰቢሪና ቡፌውን ሃ ዲብዱ» አላቸው፤ እናቴ፣ ሰቢሪና ቡፌውን ትቀባው ማለቱ ነው። እንግዲህ በኦሮምኛ ግድግዳ ቀለም መቀባትም ዲቡ ነው፣ ራስን ቅቤ መቀባትም ዲቡ ነው። በምን እንደምትቀባው ደግሞ ቀመር አልተናገረም።

አደ ሲምቦ ልጃቸው እስክትመለስ አልጠበቁም። ጣሳውን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። አዲስ ዕቃ በዚህ ይቀባል? ከገሰራ ያመጡትን ለጋ ቅቤ ፈትተው፣ ቡፌውን ከአናቱ እስከ እግሩ፣ ከመሳቢያው እስከ ጀርባው እያሹ፣ እየመረቁ አዳረሱት።

ቀመር በማግስቱ ሲገባ ቡፌው ያብለጨልጫል። ሚስቱን «ጎበዝ» ሊላት ሲል አፍንጫው ቀደመው። ጣቱን ቢያሳርፍበት ሙልጭ አለ። ሰቢሪና አፏን በሻሿ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። እሱ ግን ጣቱን በሱሪው ጠረገ። ቅቤ የጠጣ እንጨት ላይ ቫርኒሽ አይደርቅም፤ ያንን ሁሉ በአኳራጅ አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው።

«ሃርሜ፣ ይሄ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ፣ እኔ ልናገር» አሉት አደ ሲምቦ። «የሰርጓ ቀን የልጄን ራስ ቅቤ መቀባት የእኔ ፋንታ ነበር። በእልህ ቀረሁ። ስንት ዘመን ቆጨኝ መሰለህ። ትናንት ትቀባው ስትለኝ፣ እናቷ እያለሁ እሷ ምን ቤት ናት አልኩና የቀረብኝን ሰጠኋት።» ድምፃቸው አነሰ። «ደህና አድርጌ ቀባሁት?»

ቀመር ቡፌውን አየ፤ ሚስቱን አየ። ሰቢሪና መሳቋን ትታለች። ማጠቡ አሮጊቷ ገሰራ ሲመለሱ ይደረስበታል፤ እስከዚያ አቧራውን ይጠጣ። ቆቡን አወለቀና ፊታቸው ጎንበስ አለ።

«አሳምረው ቀብተውታል፣ ሃርሜ» አላቸው። «አንድ እጅ ብቻ ቀርቶዎታል።»

አደ ሲምቦ የተረፈውን ቅቤ አመጡ። ዛቅ አድርገው መሐል አናቱ ላይ አኖሩለትና በመዳፋቸው አሹት።

«ረቢ ይባርክህ፣ ልጄ» አሉ።